ስለ ፍርሃትና ስለ ሳቅ፤ ልጆቻቸውን ወደ ሲኒማ ለሚወስዱ ወላጆችና ለተማሪዎች የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ሳይፈቅድ የሚመጡበት ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ፍርሃትና ሳቅ ናቸው። ፍርሃት ሲመጣ ጠጕር ይቆማል፥ ጕልበትም ይብረከረካል፤ ሳቅ ሲመጣ ደግሞ አፍ ሳይታዘዝ ይከፈታል። ሰው ንግግሩን ሊያሰናዳ፥ ፊቱንም ሊያሳምር ይችላል፤ በድንገት የፈራና በድንገት የሳቀ ጊዜ ግን በልቡ ያለው ነገር ይገለጣል። ስለዚህ ሰው ምን እንደሚያስፈራውና ምን እንደሚያስቀው፥ ይልቁንም በማን ላይ እንደሚስቅ መመርመር ለክርስቲያን ኑሮ የማይጠቅም ከንቱ ነገር አይደለም።

በዚህ ዘመን እነዚህን ሁለቱን አስተባብሮ ለልጆች የሚያቀርብ የሲኒማ ሥራ ብዙ ነው። ልጁን አስፈርቶ ወዲያው ያስቀዋል፤ አስቆትም ወዲያው ያስፈራዋል። እንዲህ ያለውን ፊልም አይተው የሚወጡ ሰዎች በአንድ አሳብ አይስማሙም፤ አንዱ ያመሰግናል፥ አንዱ ያፌዛል፥ አንዱ ይቈጣል፥ አንዱም ሳያይ ይፈርዳል። እኛም ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን ወስደን፥ ተመልካቾች ስለ እርሱ ምን እንዳሉ፥ ከንግግራቸውም ለምግባራችን ምን እንደምንማር እንመለከታለን።

ስለ መጻሕፍቱና ስለ ፊልሙ

ይህ ፊልም በእንግሊዝኛ «ጉስበምፕስ» ይባላል። ትርጓሜውም ሰው ሲፈራ ወይም ሲበርደው ቆዳውን ውርር የሚያደርገው፥ ጠጕሩንም የሚያቆመው ነገር ማለት ነው። በአሜሪካ አገር ለሕዝብ የታየው በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት 5 ቀን፥ ይኸውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 በኦክቶበር 16 ቀን ነው። ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ፊልሙን ያዘጋጀው ሮብ ሌተርማን ሲሆን፥ በዋናነት የተጫወተው ጃክ ብላክ የሚባለው የታወቀ ቀልደኛ ተዋናይ ነው።

የፊልሙ ሥር ግን መጻሕፍት ናቸው። አር. ኤል. ስታይን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ከ1992 ጀምሮ ለልጆች የሚያስፈሩ ታሪኮችን በተከታታይ ጻፈ፤ እስከ 1997 መጨረሻ ድረስ በመጀመሪያው ተራ ብቻ 62 መጻሕፍት ታተሙ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተጨምረው፥ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተርጕመው፥ በመላው ዓለም ከ400 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ይነገራል። ይህ ደራሲ አስቀድሞ የቀልድ መጻሕፍት ጸሐፊና ለወጣቶች የሚታተም የቀልድ መጽሔት አዘጋጅ ነበረ፤ ስለዚህ በሚያስፈራው ምዕራፍ ማግስት ብዙ ጊዜ ሳቅ ይገኛል። ልጁ ልቡ እየመታ ገጹን ሲገልጥ፥ ጭራቅ መስሎት የነበረው ነገር የወንድሙ ተንኰል ሆኖ ያገኘዋል።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዛክ የሚባል ወጣት አባቱ ሞቶበት፥ ከእናቱ ጋር ከኒው ዮርክ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይመጣል። በጎረቤቱ ሐና የምትባል ልጅና ከሰው የማይገናኝ ቍጡ አባትዋ ይኖራሉ። ያ አባት ደራሲው ስታይን ራሱ ሆኖ ቀርቧል። በቤቱ መደርደሪያ ላይ የእጅ ጽሑፎቹ ሁሉ በቍልፍ ተዘግተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ መጽሐፍ የተከፈተ እንደ ሆነ በውስጡ የተጻፈው አውሬ ሥጋ ለብሶ ይወጣልና። ልጆቹ ይህን ሳያውቁ ይከፍታሉ። ከዚያም ስላፒ የሚባል ክፉ የእንጨት አሻንጕሊት ወጥቶ ሌሎቹን መጻሕፍት እየከፈተ ያቃጥላቸዋል፤ አውሬዎቹም ሁሉ ከተማዪቱን ይወርራሉ። የሚመለሱበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ደራሲው አዲስ ታሪክ ጽፎ ሁሉን በእርሱ ውስጥ መሰብሰብ አለበት።

ተመልካቾች የተናገሩት

ፊልሙ በወጣበት በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከታዩት ፊልሞች ሁሉ በገቢ ቀደመ፤ በመላው ዓለምም ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከሲኒማ ቤት የሚወጡትን ሰዎች እየጠየቀ ማርክ የሚያሰጠው ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት ተመልካቾቹ «ኤ» እንደ ሰጡት አስታወቀ። በጋዜጣ ስለ ፊልም ከሚጽፉትም የሚበዙት አመሰገኑት። ነገር ግን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ተናጋሪዎቹን በአራት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን።

ፊተኞቹ ደስ ብሏቸው የወጡ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በልጅነታቸው እነዚህን መጻሕፍት በአልጋቸው ላይ ሆነው እየፈሩ ያነበቡ፥ አሁን ግን ወላጆች ሆነው የራሳቸውን ልጆች ይዘው የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ ብቻቸውን የፈሩትን ነገር አሁን ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ሳቁበት።

ሁለተኞቹ ደግሞ እነዚያኑ መጻሕፍት ያነበቡ ሲሆኑ ቅር ተሰኙ። «አላስፈራንም፤ ቀልዱ ፍርሃቱን ዋጠው፤ አውሬዎቹ እጅግ በዝተው አንዱም በሚገባ ሳይታይ አለፈ» አሉ።

ሦስተኞቹ የትንንሽ ልጆች ወላጆች ናቸው። የአሻንጕሊቱ ፊት፥ በአትክልት ቦታ የሚቆሙት የሸክላ ድንኮች ሕይወት አግኝተው በሰው ላይ መነሣታቸው፥ የትልልቆቹም አውሬዎች ጩኸት ለሕፃን የማይገባ ነው ብለው ተናገሩ።

አራተኞቹ ፊልሙን ሳያዩ የተናገሩ ናቸው። እነዚህ በ2015 የተጀመሩ አይደሉም። በ1990ዎቹ ዓመታት መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤትና ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲወጡ ብዙ አቤቱታ ቀርቦባቸው ነበር፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርም በዚያ ዘመን እጅግ ከተከሰሱት መጻሕፍት ጋር ቈጥሯቸዋል። ከከሳሾቹ አንዳንዶቹ አንብበው ስለ ልጆቻቸው በእውነት ያሰቡ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ከሽፋኑ ሥዕል አላለፉም።

እንግዲህ ከእነዚህ ከአራቱ ወገኖች አራት ምክር እናገኛለን።

ፊተኛው ምክር፤ ባላየኸው ላይ አትፍረድ፥ ያላየኸውንም አትፍቀድ

ጠቢቡ ሰሎሞን ሳይሰሙ ለመመለስ መቸኰልን ከስንፍና ይቈጥረዋል። አንድ ሰው መጽሐፉን ሳይገልጥ፥ ፊልሙንም ሳያይ፥ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ በጉባኤ ቢናገር፥ ቅንዓቱ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ምስክርነቱ የታመነ አይደለም፤ ምስክር ያየውን የሚናገር ነውና። ልጁም ይህን ያስተውላል። «አባቴ ሳያነበው ይኰንነዋል» ብሎ በልቡ ይታዘበዋል፤ ከዚያም በኋላ አባቱ በእውነት ክፉ ስለ ሆነው ነገር ቢያስጠነቅቀው አይሰማውም።

ነገር ግን ይህን ሰው ለመንቀፍ አትቸኵል፤ በሌላው ወገን የቆመ ወንድም አለውና። እርሱም በሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አይቶ፥ «ለልጆች ከተጻፈ መጽሐፍ የወጣ ነው፥ ቀልድም አለበት» ብሎ ቲኬት ቈርጦ ልጁን ካስገባ በኋላ ወደ ጕዳዩ የሚሄድ ነው። ያኛው ሳያይ ኰነነ፥ ይህኛው ሳያይ ፈቀደ። አንደኛው ጨካኝ፥ ሁለተኛው ቸር ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ነገሩን ሳይሰሙ የፈረዱ ዳኞች ናቸው።

ይህ ፊልም በአሜሪካ የተሰጠው ምልክት «ፒጂ» የሚባለው ነው፤ የወላጅ ምሪት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ምክንያቱም አስፈሪ የአውሬ ትርኢትና አንዳንድ ያልታረመ ቀልድ ስላለበት እንደ ሆነ ተገልጧል። ብዙ ሰው ይህን ምልክት «ግቡ፥ ምንም የለበትም» እንደሚል ፈቃድ አድርጎ ያነበዋል። ምልክቱ ግን ለልጁ የተሰጠ ፈቃድ ሳይሆን ለአባትና ለእናት የተላከ ጥሪ ነው። ዛሬ እንደ የዋህ ተረት የምንቈጥረው በ1937 የተሠራው የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ኋይት» እንኳ በእንግሊዝ አገር ለምርመራ በቀረበ ጊዜ፥ ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር ሆነው እንዲያዩት የሚያዝዝ ምልክት ተሰጥቶት ነበር።

አይቶ በቅንነት የሚናገር ሰው ቃሉ በከንቱ አይቀርም። በ1984 «ግሬምሊንስ» የተባለው አስፈሪና አስቂኝ ፊልም፥ እንደዚሁም የ«ኢንዲያና ጆንስ» ሁለተኛው ፊልም፥ በዚሁ በ«ፒጂ» ምልክት ታዩ። ልጆቻቸውን ይዘው የገቡ ብዙ ወላጆች ያልጠበቁትን አይተው ቅሬታቸውን ተናገሩ። በሁለቱም ፊልሞች ሥራ ውስጥ የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ መካከለኛ ምልክት እንዲደረግ አሳብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም ከ13 ዓመት በታች ስላሉት ልጆች ወላጆችን አጥብቆ የሚያስጠነቅቅ አዲስ ምልክት ተጨመረ። ሥርዓቱን ያስለወጡት ገብተው፥ በልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው፥ ያዩትን የተናገሩት ናቸው።

ሁለተኛው ምክር፤ ሌላውን በራስህ ልክ አትለካ

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፥ ይህ ምክር ይልቁንም ለእናንተ ነው። «አላስፈራኝም» ያለው ጐልማሳ አልዋሸም። ነገር ግን በ10 ዓመቱ ያንቀጠቀጠው ታሪክ በ30 ዓመቱ ባያንቀጠቅጠው የተለወጠው ታሪኩ ነውን? የተለወጠ እርሱ ራሱ ነው። በአጠገቡ ያለው ሕፃን ግን ገና አልተለወጠም።

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆአን ካንቶር የሚባሉ ሴት ምሁር ልጆች በፊልምና በቴሌቪዥን ስለሚያገኛቸው ፍርሃት ብዙ ዘመን መርምረዋል። ያገኙትም እንዲህ ነው። ትንሽ ልጅ፥ ይልቁንም ወደ ትምህርት ቤት ያልገባው፥ የሚፈራው በዓይኑ የሚያየውን መልክ ነው፤ መልኩ የሚያስቀይም ፍጥረት ልቡ ደግ ቢሆንም እንኳ ያስፈራዋል። ከፍ ያለው ልጅ ግን መልኩን ትቶ «ይህ በእውነት ሊደርስብኝ ይችላልን?» ብሎ ይጠይቃል። «ሀልክ» በሚባለው የቴሌቪዥን ታሪክ አንድ ደግ ሰው በተቈጣ ጊዜ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጥረት ሆኖ ሰውን ለማዳን ይመጣ ነበር። ትልልቆቹ ልጆች «አዳኙ መጣ» ብለው ሲጽናኑ፥ ትንንሾቹ ግን ሰውዬው ሲለወጥ አይተው ይሸበሩ ነበር።

ይህን ወደ ፊልማችን መልሰህ አስበው። ስላፒ ሲናገር የ12 ዓመቱ ልጅ ቀልዱን ሰምቶ ይስቃል። የ5 ዓመቱ ልጅ ግን ቀልዱን አይሰማም፤ የሚያየው የሚንከባለለውን ዓይንና ሳቅ የተቀረጸበትን የእንጨት ፊት ብቻ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ሁለት የተለያየ ፊልም ያያሉ። ደራሲው ስታይን የሚያነበው ልጅ ታሪኩ በእውነት ሊሆን የማይችል መሆኑን ማወቅ እንዳለበት ደጋግሞ ተናግሯል፤ መልካምም ብሏል። መጽሐፍ ደግሞ የራሱ በር አለው፤ ማንበብ ያልቻለ ሕፃን ወደ ውስጡ አይገባም። ሲኒማ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም፤ ፊደል ያልቈጠረውም ዓይን አለውና ይገባል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሥጋ የጻፈውን አስታውስ። ሰዎቹ የጠየቁት ስለ ሥጋው ነበረ፤ እርሱ ግን ስለ ወንድም መለሰላቸው። ለጣዖት የታረደው ሥጋ ሕሊናው ለጠና ሰው ምንም አልነበረም፤ ሕሊናው ለደከመው ግን መሰናክል ነበረ። ሐዋርያውም ደካማውን «ስለ ምን አትበረታም?» ብሎ አልገሠጸውም፤ ብርቱው ስለ ደካማው ሲል ከመብቱ እንዲተው መከረው እንጂ። እንዲሁም አንተ ታናሽ ወንድምህን ይዘህ ፊልም ለመምረጥ ስትቆም፥ «እኔ ይህን አልፈራም» ማለት ትችላለህ፤ ነገር ግን የተጠየቅኸው ስለ ራስህ አይደለም።

ሦስተኛው ምክር፤ በፈራው ላይ አትሳቅ

ሳቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በአውሬው ሞኝነት መሳቅ አለ፤ በሚያለቅሰው ሕፃን መሳቅም አለ። ፊተኛው ፍርሃትን ያቀልላል፥ ሁለተኛው ፍርሃትን ይደብቃል። የተሳቀበት ልጅ መፍራቱን አይተውም፤ መናገሩን ይተዋል። ፊልሙ ሲያልቅ «ወደድኸውን?» ብለው ሲጠይቁት፥ ወንድሙ እንዳያፌዝበት «አዎን፥ እጅግ ያስቃል» ይላል። ሌሊት ግን መብራቱ ሲጠፋ ዓይኑን አይከድንም። አባቱና እናቱ የሰሙት ቃሉን ነው፤ ልቡን ግን አልሰሙም። እንግዲህ ስንት ልጅ ከሳቁት ጋር የተቈጠረ፥ ነገር ግን ከፈሩት ወገን የሆነ ይኖር ይሆን?

ይህን ነገር ፊልሙ ራሱ ያስተምረናል። በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ያለው ደራሲ አውሬዎቹን ስለ ምን እንደ ፈጠራቸው ሲናገር፥ በልጅነቱ በሕመም ምክንያት ከቤት እንደማይወጣ፥ ልጆችም በመስኮቱ ላይ ድንጋይ እየወረወሩ ይሰድቡት እንደ ነበረ ይገልጣል። ብቸኝነቱ በጸናበት ጊዜ የሰደቡትን የሚያስፈራሩለትን አውሬዎች በአሳቡ ወለደ፤ እነርሱም ወዳጆቹ ሆኑለት። ይህ ስለ እውነተኛው ደራሲ ሕይወት የተነገረ ታሪክ ሳይሆን ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ሆኖም የያዘው ምክር እውነት ነው፤ ከተማዪቱን ያስጨነቁት አውሬዎች ሥራቸው በአንድ ልጅ ላይ የተሳቀ ሳቅ ነበረ። ምላስ እንደ ትንሽ እሳት ትልቅ ጫካ ታቃጥላለች ብሎ ያዕቆብ ያስተማረው ስለ እንዲህ ያለው ነገር አይደለምን?

አራተኛው ምክር፤ ልጁን በጨለማ ብቻውን አትተወው

የአገራችን ሰው አስፈሪና አስቂኝ ለሆነ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ስለ አያ ጅቦ ያልሰማ ልጅ ማን ነው? አያ ጅቦ በአንድ ወገን ያስፈራል፤ በሌሊት ይጮኻል፥ አህያም ይበላል። በሌላ ወገን ግን ሆዱ ያሞኘው ነው፤ ጦጣም ትጫወትበታለች። ስለዚህ ልጅን አስፈርቶ ማሳቅ ሲኒማ ሠሪዎች ያመጡት አዲስ ጥበብ አይደለም፤ አያቶቻችንም በምድጃ ዳር ያውቁት ነበር።

ልዩነቱ ልጁ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ተረቱ ሲነገር ልጁ በአያቱ ጕልበት ላይ፥ በጋቢዋ ተጠቅልሎ ነበረ። እርስዋም ፊቱን እያየች ድምፅዋን ከፍና ዝቅ ታደርግ ነበር፤ የፈራ እንደ ሆነ ጅቡን ታሞኘዋለች፥ የሰለቸው እንደ ሆነ ታስጮኸዋለች። ሲኒማ ግን የልጁን ፊት አያይም። ሕፃኑ ቢስቅም ቢንቀጠቀጥም፥ ዓይኑን በእጁ ቢሸፍንም፥ ፊልሙ ሳይቆም ያልፋል። እንግዲህ ሲኒማው የማያየውን ፊት የሚያይ ሰው በልጁ አጠገብ ሊኖር ግድ ነው።

ነገር ግን በእኛም ዘንድ የሚነቀፍ ልማድ አለ። ልጅ አልተኛም ሲል «ዝም በል፥ ጅቡ መጣ!» ማለት፥ እንቢ ሲል «ጭራቅ ይወስድሃል!» ማለት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ ተረት ሳይሆን አለንጋ ነው። ተረቱ ልጁን በጕልበት ላይ አስቀምጦ ያስፈራዋል፤ ዛቻው ግን ከጕልበት አውርዶ ለጅብ ይሰጠዋል። ፊልም ያየ ልጅም በማግስቱ «ስላፒ ይመጣብሃል» ተብሎ ቢዛትበት፥ የፊልሙ ፍርሃት ካለቀ በኋላ በወላጁ አፍ እንደ ገና ይጀምራል።

ይህ ነገር በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይልቁንም ያስፈልጋል። በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋም፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ከወላጆቻቸው አስቀድመው ስለሚያውቁ መጽሐፉንም ፊልሙንም ራሳቸው መርጠው ያመጣሉ። እናት ከሥራ ደክማ ትመጣና፥ ቋንቋውም ፈጥኖ ስለማይገባት፥ «እነርሱ ያውቁታል» ብላ ትተዋቸዋለች። እኅቴ ሆይ፥ የልጅሽን ፊት ለማንበብ እንግሊዝኛ አያስፈልግሽም። ቃሉ ባይገባሽም በአጠገቡ ተቀመጪ፤ እርሱ ይተርጕምልሽ፥ አንቺም እጁን ያዢው።

ደግሞም ቍልፍ ብቻ እንደማያድን ተመልከት። በፊልሙ ውስጥ ያለው አባት ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጻሕፍቱን የቈለፈው፥ ሐናንም ከሰው የለያት ስለ ፈራ ነው። ነገር ግን የተቈለፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማንም ስላልነገረ፥ ሳያውቁ የከፈቱት ልጆች ናቸው። የልጁን መጽሐፍ ነጥቆ የሚያቃጥልና ምክንያቱን የማይናገር አባት በዚህ ሰው መንገድ ይሄዳል፤ ዛሬም የተከለከለው ፊልም ሁሉ በጓደኛ ስልክ ውስጥ ይገኛል። በፊልሙ መዳን የመጣው አባቱ በሩን ዘግቶ መደበቁን ትቶ ከልጆቹ ጋር በወጣ ጊዜ፥ የሸሸውንም ነገር ፊት ለፊት በተቋቋመ ጊዜ ነው።

ስለ ሥራው

አሁን ደግሞ ምን ልታደርግ እንደሚገባህ በግልጥ እንናገር።

ፊልሙን ሳታሳይ በፊት አንተ አስቀድመህ እየው፤ ጊዜ ካጣህም ካየው ከታመነ ሰው ጠይቅ። ስትጠይቅም «መልካም ነውን?» ብቻ አትበል፤ «ለዚህ ልጅ፥ በዚህ ዕድሜው፥ ይህን ለሚፈራው ልጅ መልካም ነውን?» ብለህ ጠይቅ። አባቱ በቅርብ የሞተበት ልጅ የሙታንን ትርኢት ሌላው ልጅ እንደሚያየው አያየውም።

በሚታይበት ጊዜ ከአጠገቡ አትራቅ። ከፊልሙ ይልቅ ፊቱን ተመልከት። «እንውጣ» ቢልህ ተነሥተህ ውጣ፤ ስለ ቲኬቱ ዋጋ አትቈጭ፥ በሰው ፊትም አታሳፍረው። ሲስቅ አብረህ ሳቅ፤ ደስታውን የሚከፍልለት አባት ያለው ልጅ ፍርሃቱንም ሊያካፍለው ይደፍራልና።

ከታየ በኋላ ጠይቀው፤ ነገር ግን «ፈራህን?» ብለህ አትጠይቅ፥ በዚህ ቃል እፍረት አለበትና። «ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የትኛው ነበረ?» ብትለው ያለ እፍረት ይነግርሃል። ከፍ ላለው ልጅ አሻንጕሊቱን ሰው እንደሚያንቀሳቅሰው፥ ድምፁም ራሱ የጃክ ብላክ ድምፅ እንደ ሆነ ንገረው፤ የሥራውን ጥበብ ያወቀ ልጅ ፍርሃቱ ይቀልለታል። ለትንሹ ግን ይህ ሁሉ ብዙ አይጠቅመውም። በሌሊት ደንግጦ ቢነሣ «ውሸት ነው፥ ተኛ» ብለህ ከሩቅ አትጩኽበት። ያስፈራው በዓይኑ ያየው ነውና፥ የሚያጽናናውም በዓይኑ የሚያየውና በእጁ የሚዳስሰው ነው፤ መብራት አብራለት፥ እቀፈው፥ የሚጠጣ ስጠው፥ ከእርሱም ጋር ጸልይ፥ እስኪተኛም ድረስ ቈይ።

የመጨረሻ ቃል

አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ ፊልም ሰዎች ገና ይከራከራሉ፤ በ2018 ሌላ ተከታይ ፊልም ወጣ፥ ወደ ፊትም ሌሎች አስፈሪና አስቂኝ ፊልሞች ከልጆች መጻሕፍት ይወጣሉ። አንዱ «እጅግ መልካም ነው» ይላል፥ አንዱም «ከንቱ ነው» ይላል። አንተ በክርክሩ ውስጥ ስትገባ አሳብህን በትሕትና ተናገር፤ ያየኸውን ብቻ መስክር፤ ከአንተ የተለየ ፍርድ የሰጠውን ሰው አትሳደብ። ምናልባት እርሱ የተናገረው በአጠገቡ የነበረውን ልጅ አይቶ ይሆናልና።

ጌታችን ታናናሾቹን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ቃል ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሆኑት አንዱ ነው። ያንኑ ቃል የተናገረ ጌታ ሕፃናትን አቅፎ እጁን ጫነባቸው። በማዕበልም የፈሩትን ደቀ መዛሙርት የነቀፋቸው በዚያው ታንኳ ውስጥ አብሮአቸው ሆኖ ነው እንጂ በዳር ቆሞ አይደለም። እኛም ልጆቻችንን እንዲሁ እናሳድግ። በዚህ ዓለም ከሲኒማ አውሬ የሚብስ እውነተኛ ፍርሃት ይመጣባቸዋል፤ ሕመም፥ ማጣት፥ የሰው ክፋትም አለ። ዛሬ በትንሹ ፍርሃት ጊዜ አባቱን በአጠገቡ ያገኘ ልጅ፥ በዚያ ቀን ወደ ማን እንደሚጮኽ ያውቃል።

እግዚአብሔር ለወላጆች ማስተዋልን፥ ለወጣቶች ርኅራኄን፥ ለሕፃናትም የሰላም እንቅልፍን ይስጥ። አሜን።